የፀሐይ ፕሮሚነንስ ብርሃን በኮምፒውተር ሲሰላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፀሐይ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሙቀቷ ነው። እዚህ የምናወራው ግን በከባቢዋ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ቀዝቃዛ ነገር፣ እሱም ብርሃንን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ እንደሚመጥጥና እንደሚበትን በኮምፒውተር ስለሚሰላበት መንገድ ነው።

ፕሮሚነንስ ምንድን ነው?

ከፀሐይ ገጽ በላይ፣ ኮሮና በሚባለው የውጭ ከባቢዋ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚቆይ የፕላዝማ፣ ማለትም ከአቶሞቹ ብዙዎቹ ኤሌክትሮናቸውን ያጡ ጋዝ፣ ክምችት ነው። ኮሮና ከአንድ ሚሊዮን ኬልቪን በላይ ሲግል ፕሮሚነንሱ ግን ከ6,000 እስከ 10,000 ኬልቪን አካባቢ ነው። በዚያ ሰፈር ይህ ብርድ ነው። እፍጋቱ በአንጻሩ ከዙሪያው ኮሮና መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ወደ ታች እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ርዝመቱ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የምድር ወርድ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጸጥተኛ የሚባሉት ለቀናት ወይም ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ይቆያሉ።

ፊላመንት የሚባለውስ ሌላ ነገር ነው?

አይደለም፤ ያው ነው። በፀሐይ ጠርዝ ላይ ስናየው ፕሮሚነንስ፣ በገጿ ፊት ለፊት ስናየው ፊላመንት እንለዋለን። ጠርዝ ላይ ሲሆን ከጀርባው ጨለማ ሰማይ ስላለ ደማቅ ሆኖ ይታያል። ፊት ለፊት ሲሆን ግን ከሥሩ የሚመጣውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ወደ እኛ የሚደርሰው ይቀንስና እንደ ጥቁር ሐረግ ሆኖ ይታያል። አንድ ሞዴል ደማቁንም ጥቁሩንም በአንድ ዓይነት ስሌት ማስረዳት ካልቻለ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

በዐይን ማየት ይቻላል?

ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሚሆንባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ የቀለበት ግርዶሽ ስለነበር ለዚህ አልበቃም፤ የቀረችው የብርሃን ቀለበት ብቻዋን ፕሮሚነንሶችን ለመዋጥ ትበቃለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግን ሙሉ ግርዶሽ ነው፤ ጥላው በሉክሶር፣ በጂዳና በመካ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ዕድለኞች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ብቻ ይታያል። ግርዶሽ በሌለበት ጊዜ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ፀሐይን ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ መመልከት ዐይን ያጠፋል፤ ይህን ደግሞ መናገር አይሰለችም።

የዚህ ሳይንስ ጅማሬም አንድ ግርዶሽ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868 ፈረንሳዊው ፒየር ዣንሰን ሕንድ ውስጥ ጉንቱር ላይ ሆኖ የፕሮሚነንሶችን ብርሃን በስፔክትሮስኮፕ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በሚከፍል መሣሪያ፣ ሲመረምር፣ ብርሃኑ ያልተቋረጠ የቀለም ጅረት ሳይሆን ጥቂት የደመቁ መስመሮች ስብስብ መሆኑን አየ። መስመሮቹ ከመድመቃቸው የተነሣ ያለ ግርዶሽም ሊታዩ እንደሚችሉ ገመተ፤ በማግስቱም ሞክሮ አያቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር ለብቻው እዚያው ደረሰ። ከመስመሮቹ አንዷ፣ 587.6 ናኖሜትር ላይ ያለችው ቢጫ፣ በምድር ላይ የሚታወቅ ባለቤት አልነበራትም። ሂሊየም የተባለው ንጥረ ነገር ምድር ላይ ተለይቶ የተገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1895 ነው።

ይህን ያህል ፎቶግራፍ እያለ ሞዴል ለምን አስፈለገ?

ፎቶግራፍ የሚነግረን ብርሃኑ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ስለሆነ ነው። ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ ከሃይድሮጅኑ ስንት በመቶው ኤሌክትሮኑን እንዳጣ፣ ክብደቱን አይነግረንም። ቴርሞሜትር ልኮ መለካትም አይታሰብም። ስለዚህ ባለሙያው በተቃራኒው ይሄዳል፦ ሙቀቱ ይህን ያህል ነው፣ ግፊቱ ይህን ያህል ነው ብሎ ይነሣል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ፕላዝማ የሚወጣውን ብርሃን ያሰላል፤ ከዚያም ቴሌስኮፕ ካየው ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ ግምቱን ይለውጣል።

«ደማቅ ከሆነ ይሞቃል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ለሚቀጣጠል ከሰል ይሠራል፤ ለፕሮሚነንስ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ የሚቀጥለው መልስ ያስረዳል፤ የጉዳዩ እንብርትም እሱ ነው።

ታዲያ ብርሃኑ የራሱ ነው ወይስ የፀሐይ?

በአብዛኛው የፀሐይ ነው። ጠዋት እንጦጦ መንገድ ላይ ጭጋግ ውስጥ መብራቱን አብርቶ የሚመጣ መኪና ዙሪያውን ነጭ ያደርገዋል፤ ጭጋጉ ግን የራሱ መብራት የለውም። ፕሮሚነንስም እንደዚሁ በዋነኛነት የተዋሰውን ብርሃን ይበትናል። ልዩነቱ ጭጋግ ሁሉንም ቀለም ሲበትን፣ ፕሮሚነንስ አቶሞቹ የሚያውቋቸውን የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ብቻ መርጦ ይይዛል፣ መልሶም ይለቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ፕሮሚነንሱ ላይ ምን ያህል ብርሃን ይወድቃል የሚለው ነው። ልክ ገጹ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ፀሐይ ከላይ እስከ ታች ካለው እይታ ግማሹን ትሸፍናለች። 10,000 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ድርሻዋ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል፤ 50,000 ኪሎ ሜትር ላይ 32 በመቶ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ከጂኦሜትሪ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሳይገቡ የሚሠራ ሞዴል የለም። ከዙሪያው ካለው ኮሮናም ብርሃን ይመጣል። በተለይ ከ50.4 ናኖሜትር ያነሰ የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር የሂሊየምን ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገባ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ያቺን 587.6 ናኖሜትር ላይ ያለች ቢጫ መስመር ይፈጥራል።

ስሌቱ የሚከብደው ምኑ ላይ ነው?

ብርሃኑን ለማወቅ አቶሞቹ በየትኛው የኢነርጂ እርከን ላይ እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። አቶሞቹ በየትኛው እርከን ላይ እንዳሉ የሚወስነው ደግሞ ብርሃኑ ነው። ዶሮና እንቁላል የሚሉት ጣጣ እዚህ ቀመር ለብሶ ይመጣል።

ጥቅጥቅ ባለ ጋዝ ውስጥ ይህ ችግር የለም። ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ስለሚጋጩ የእርከኖቹን አሰፋፈር ሙቀቱ ብቻ ይወስነዋል፤ አንድ ቀመር ጽፎ መጨረስ ይቻላል። ፕሮሚነንስ ግን እጅግ ስስ ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ የወጣ የሃይድሮጅን አቶም እዚያ የሚቆየው የሰከንድን መቶ ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ ከሚጋጨው ኤሌክትሮን ጋር እስኪገናኝ ግን ከዚህ በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ ሳይጋጭ ፎቶኑን፣ ማለትም የያዘውን የብርሃን ቅንጣት፣ ለቆ ይወርዳል። የአቶሙን ዕጣ የያዘው የአካባቢው ሙቀት ሳይሆን ከሩቅ የመጣው ብርሃን ነው። ባለሙያዎች ይህን ከአካባቢያዊ የሙቀት ሚዛን ውጭ የሆነ ስሌት ይሉታል።

ቀላሉ የመፍቻ ዘዴ ማመላለስ ይመስላል፦ አሰፋፈሩን ገምት፣ ብርሃኑን አስላ፣ በብርሃኑ አሰፋፈሩን አርም፣ እንደገና ጀምር። ይህ ዘዴ ግን በፕሮሚነንስ ላይ ይከዳል። ላይማን አልፋ በሚባለው የሃይድሮጅን አልትራቫዮሌት መስመር፣ 121.6 ናኖሜትር ላይ፣ ፕሮሚነንሱ እጅግ የማያሳልፍ ነው፤ አንድ ፎቶን ተይዞ ሳይለቀቅ የሚጓዘው ርቀት ከጠቅላላው ውፍረት በመቶ ሺህ እጅ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን እጅ ያንሳል። በየዙሩ መረጃው የሚራመደው ያንኑ ትንሽ እርምጃ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዙር ወደ ዙር ያለው ለውጥ በጣም ማነሱ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹ ሲቆሙ አይቶ መልሱ ተገኘ ብሎ ያቆማል፤ መልሱ ግን ገና ሩቅ ነው። ጀማሪን በዚህ ጉዳይ የሚያሳስት ነገር ቢኖር ይህ የውሸት መርጋት ነው።

መውጫው እ.ኤ.አ. በ1973 ካነን ባቀረበው ሐሳብ ተጀመረ፤ ሪቢኪና ሃመር በ1991 እና በ1992 ባወጧቸው ሥራዎች ደግሞ ብዙ እርከን ላላቸው አቶሞች ምቹ መልክ ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ነጥብ ላይ ተወልዶ እዚያው አጠገብ የሚመጠጠው ብርሃን ዙር እየጠበቀ እንዲሰላ አይደረግም፤ በአልጀብራ ወዲያው ይፈታል። በማመላለስ የሚሰላው ከሩቅ የሚመጣው ክፍል ብቻ ይሆናል። በሺህና በሺህ የሚቆጠር ዙር ይወስድ የነበረው በአሥሮች ወይም በጥቂት መቶዎች ያልቃል።

አንድ ስሌት ከመነሻው እስከ መድረሻው ምን ይመስላል?

ቀላሉን እንውሰድ። ፕሮሚነንሱን ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ አድርገን እንሥራው፦ ውፍረቱ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ሙቀቱ በሁሉም ቦታ 8,000 ኬልቪን፣ ግፊቱ 0.01 ፓስካል፣ ከፍታው 10,000 ኪሎ ሜትር። በእያንዳንዱ ኩቢክ ሴንቲሜትር ወደ 90 ቢሊዮን ቅንጣት ይኖራል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ በባሕር ጠለል ላይ የምንተነፍሰው አየር ግን ከዚህ ከ250 ሚሊዮን እጥፍ በላይ የታጨቀ ነው።

ሰሌዳውን ከፊት እስከ ጀርባ በነጥቦች እንከፋፍለዋለን። ነጥቦቹን እኩል አራርቆ መደርደር ስሕተት ነው፤ ብርሃኑ በፍጥነት የሚለዋወጠው ጠርዞቹ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ተጠጋግተው ሊቀመጡ ይገባል። ለሃይድሮጅን አምስት እርከንና ኤሌክትሮኑን ያጣበትን አንድ ሁኔታ እንሰጠዋለን። ከፀሐይ ገጽ የሚመጣውን የተለካ ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን የብርሃን መጠን፣ በሁለቱም ጎን እናስገባለን። ከዚያ የመጀመሪያ ግምት፣ ጨረሮቹን በተለያየ ማዕዘን ማሳለፍ፣ አማካያቸውን መውሰድ፣ በየእርከኑ የሚገባውና የሚወጣው እኩል እንዲሆን እኩልታዎቹን መፍታት፣ የኤሌክትሮኑን ብዛት ማረም፣ እንደገና መጀመር። እንዲህ ያለ ስሌት ዛሬ በተራ ላፕቶፕ ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

መጨረሻ ላይ የሚገኘው ከሰሌዳው የሚወጣው መስመር ቅርጽ ነው። ኤች አልፋ፣ ማለትም 656.3 ናኖሜትር ላይ ያለችው ቀይ መስመር፣ ሰሌዳውን ከሞላ ጎደል አልፋ ስለምትመጣ ስለ ውስጡ ትነግረናለች። ላይማን አልፋ ግን ከቆዳው በስተቀር አታሳይም። ለተማሪ የምመክረው አንድ ሙከራ አለ፦ ሙቀቱንና ግፊቱን ሳትነኩ ከውጭ የሚገባውን ብርሃን ዜሮ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን አስኬዱት። 8,000 ኬልቪኑ እንዳለ ነው፤ ቀይዋ መስመር ግን ትደበዝዛለች።

ጉትብሮዝ፣ ሃይንዘልና ቪያል እ.ኤ.አ. በ1993 ሙቀትን፣ ግፊትንና ውፍረትን እየለዋወጡ 140 እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን አስልተው በሠንጠረዥ አወጡ። ሙቀቱ ከ4,300 እስከ 15,000 ኬልቪን ይደርስ ነበር። ያ ሠንጠረዥ ዛሬም አዲስ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሥራውን የሚፈትንበት ሚዛን ነው።

ለምን ብዙ መስመር ይመረመራል? አንዷ አትበቃም?

አትበቃም። ሞቅ ያለ ስስ ፕላዝማና ቀዝቀዝ ያለ ወፍራም ፕላዝማ በአንድ መስመር ተመሳሳይ ብርሃን ሊሰጡ ይችላሉ። ሌላ መስመር ሲጨመር አንዱ ይወድቃል።

በጣም የምወደው ምሳሌ የሃይድሮጅንና የማግኒዥየም ነው። የመስመር ስፋት ከሁለት ነገር ይመጣል፦ ከሙቀት የተነሣ ከሚመጣው የአቶሞች ሩጫና ፕላዝማው በራሱ ከሚናጠው መናጥ። በ8,000 ኬልቪን የሃይድሮጅን አቶም በሰከንድ ወደ 11.5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ 24 እጥፍ የሚከብደው ማግኒዥየም ግን 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። መናጡ ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ የሃይድሮጅን መስመር ስፋት በሙቀት፣ የማግኒዥየም ስፋት በመናጥ የበለጠ ይመራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ድርሻ ድርሻቸውን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሕዋ የተላከችው የናሳ አይሪስ ሳተላይት 279.6 እና 280.3 ናኖሜትር ላይ ያሉትን የማግኒዥየም መስመሮች እየመዘገበች ይህን ሥራ አስፋፍታዋለች። እነዚህ መስመሮች ከምድር አይታዩም፤ ኦዞን ይመጥጣቸዋል።

ፕሮሚነንሱ ሲፈነዳስ ስሌቱ ይለወጣል?

በጣም። እንዲያውም ከዚህ ትምህርት ውስጥ የሚያስገርመው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ፕሮሚነንሱ በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሲወረወር ከሥሩ የሚመጣው ብርሃን በዶፕለር ምክንያት፣ ማለትም በእንቅስቃሴው የተነሣ የሞገድ ርዝመቱ ስለሚለወጥ፣ ተንሸራትቶ ይደርሰዋል። በላይማን አልፋ ላይ መንሸራተቱ 0.08 ናኖሜትር ያህል ነው። የፀሐይ ላይማን አልፋ ደማቅና ጠባብ መስመር ስለሆነ አቶሞቹ የሚያውቁት የሞገድ ርዝመት ላይ የሚደርሳቸው የመስመሩ ደብዛዛ ጎን ይሆናል፤ ፕሮሚነንሱ ይጨልማል። ኤች አልፋ ግን በፀሐይ ገጽ ላይ ጥቁር መስመር ናት። ስትንሸራተት አቶሞቹ ከጥቁሩ ወጥተው ደማቁን ጎን ያገኛሉ፤ ፕሮሚነንሱ ይደምቃል። አንድ ዓይነት ፍጥነት አንዷን አጨልሞ ሌላዋን ያደምቃል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ላይማን አልፋው ሲጠፋ ፕላዝማው የጋለ ወይም የተበተነ ሊመስለው ይችላል።

እውነተኛ ፕሮሚነንስ ሰሌዳ አይመስልም። ይህ ማታለል አይሆንም?

ማቃለል ነው፤ የተቃለለ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ማታለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተላከችው የጃፓን ሂኖዴ ሳተላይት ያሳየችን ፕሮሚነንስ ከቀጫጭን ክሮች የተሠራና ያለ ዕረፍት የሚንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች መጀመሪያ በርካታ ቀጫጭን ሰሌዳዎችን በተለያየ ፍጥነት እየደረደሩ፣ ቀጥሎም በሁለትና በሦስት አቅጣጫ ማስላት ጀመሩ።

ሦስት አቅጣጫ ሲባል ዋጋው ይታያል። በየአቅጣጫው 500 ነጥብ ብንወስድ 125 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። በእያንዳንዱ ነጥብ 100 የጨረር አቅጣጫና 500 የሞገድ ርዝመት ቢታሰብ በአንድ ዙር ብቻ ከስድስት ትሪሊዮን በላይ ቁጥር ይሰላል። የጨረር አቅጣጫዎቹን እንቀንስ ቢባል ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ከደማቅ ቦታዎች የሚነሡ፣ በተፈጥሮ የሌሉ የብርሃን ሰንበሮች ምስሉን ያበላሹታል።

ለዚህ በቅርቡ የመጣው መፍትሔ ከማይጠበቅ ቤት ነው። አሌክሳንደር ሳኒኮቭ የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ የጨዋታ ትዕይንቶችን ብርሃን ለማስላት አንድ ዘዴ ፈጥሮ ነበር፦ ቅርብ ላለው ብርሃን ብዙ ነጥብና ጥቂት አቅጣጫ፣ ሩቅ ላለው ጥቂት ነጥብና ብዙ አቅጣጫ። ክሪስቶፈር ኦዝቦርን ከእሱ ጋር ሆኖ ዘዴውን ለፀሐይ ፕላዝማ ስሌት አዋለው። ከላይ ያየናቸው ሰንበሮች በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ሥራውም ለጨዋታ በተሠሩት የግራፊክስ ካርዶች ላይ ይሮጣል።

መግነጢሳዊ መስኩንስ ያሳያል?

ተጨማሪ ስሌት ይፈልጋል። የተበተነ ብርሃን በከፊል ይፖላራይዛል፣ ማለትም ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ ይርገበገባል፤ መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ ያንን ይለውጠዋል። በ1,083 ናኖሜትር ያለው የሂሊየም መስመር ለዚህ የታወቀ መሣሪያ ነው። ችግሩ አንድ ዓይነት ልኬት ከአንድ በላይ የመስክ አቅጣጫ ሊገጥመው መቻሉ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ አይተካውም?

ያፋጥነዋል። በሺዎች በሚቆጠሩ ሞዴሎች የሠለጠነ ፕሮግራም የአዲስ ምልከታን ሙቀትና ግፊት በቅጽበት ሊገምት ይችላል። የተማረው ግን ከእነዚያው ሞዴሎች ነው። ሰሌዳ ብቻ አይቶ ያደገ ፕሮግራም ክር ሲያሳዩት ሰሌዳ ነው ይላል፤ ያውም በሙሉ ልብ።

ውጤቱን ምን ያህል ማመን ይቻላል?

ለጸጥተኛ ፕሮሚነንስ የሙቀቱና የግፊቱ ግምት ጥሩ ነው፤ በተለይ ብዙ መስመሮች አንድ ላይ ከገጠሙ። እኔ የምጠራጠረው ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለውን፣ የሚገባውን ብርሃን ነው። የፀሐይ ላይማን አልፋ በ11 ዓመቱ ዑደት ውስጥ እስከ እጥፍ ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል። ፀሐይ ጭምት በነበረችበት ዓመት የተለካ ስፔክትረም ዑደቱ ጫፍ በደረሰበት ዓመት ለታየ ፕሮሚነንስ ሲሰጥ ስሕተቱ ከመጀመሪያው መስመር ይገባል። ፕሮሚነንሱ ሥር ደማቅ አካባቢ ካለም እንዲሁ። አንድ የጥናት ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን መረጃ ነው፦ የየትኛው ዓመት ብርሃን ነው የገባው?

ለእኛ ኑሮ ምን ያደርጋል?

ሲፈነዱ ብዙ ቢሊዮን ቶን ፕላዝማ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አቅጣጫቸው ወደ ምድር ከሆነ መግነጢሳዊ ማዕበል ይነሣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 በካናዳ ኩቤክ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ያጣው በእንዲህ ያለ ማዕበል ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ስለሚያልፍ፣ ማዕበል ሲኖር የአየራችን የላይኛው ክፍል ይታወካል፤ የጂፒኤስና የሬዲዮ ሞገድም አብሮ ይነካል። የፕላዝማውን ክብደት አስቀድሞ ለመገመት ብርሃኑን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዚህ መስክ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ቴሌስኮፕም የግድ አይደለም። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ለሌሊት ሰማይ የተሠሩ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው የአቶም ፊዚክስ፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ትዕግሥት ነው። ላይትዊቨር የተባለው የኦዝቦርንና የሚሊች ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የአይሪስ ምልከታዎችም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ላይትዊቨርን ጭኖ ባለ አንድ አቅጣጫ ሰሌዳ መሥራት፣ ውጤቱን ከ1993ቱ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት፣ ካልገጠመ ለምን እንዳልገጠመ መፈለግ፤ ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ መነሻ የሚሆን ሥራ ነው።